ቁልፉን ልስጠው ወይስ ልደብቀው?

ጥያቄ፦ ባለቤቴን ከአራት ወር በፊት ስትሮክ መታው። ግራ እጁና ግራ እግሩ ዝሎ ነበር፤ በፊዚዮቴራፒ ተሽሎት አሁን ያለ ምርኩዝ ይራመዳል። ሰሞኑን ግን "ድኛለሁ፣ የመኪናውን ቁልፍ አምጪ" እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። እኔ ደግሞ ሳየው በር ሲያልፍ ግራ ትከሻው ይጋጫል፣ ሳህኑ ላይ በግራ በኩል ያለውን ወጥ ሳይነካው "ጠገብኩ፣ ጨረስኩ" ይላል። ምን ትሉኛላችሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው አትስጪው። የእግሩን ነገር ብቻ ብትነግሪን መልሳችን ሌላ ይሆን ነበር። ያሳሰበን ሳህኑ ነው። ስትሮክ የአንጎልን ቀኝ ክፍል ሲጎዳ፣ አንዳንድ ሰው ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ እንኳ በግራው ያለውን ነገር ልብ አይለውም። ክፋቱ፣ የጎደለው ነገር እንዳለ ለራሱም አይታወቀውም፤ ስለዚህ "ደህና ነኝ" ሲልሽ እሱ እየዋሸ አይደለም። በእኛ አገር ደግሞ አደባባይ ስትገቢ መኪናው የሚመጣብሽ በግራ ነው።

"አውቶማቲክ ይግዛ" የሚል ዘመድ አይጠፋም። ፍሪሲዮን ስለሌለው ለደከመ ግራ እግር ያግዛል፣ ግራውን ልብ ላለማለቱ ግን ምንም አይፈይድም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረሽው ግቢ። "መንዳት ይችላል ወይ?" ብቻ ብለሽ አትጠይቂ፤ እዚያ ቁጭ ብሎ አሳምሮ ያወራል፣ ሐኪሙም ደህና ነው ብሎ ይሸኘዋል። የሳህኑንና የበሩን ነገር እንዳለ ተናገሪ። የዓይን ሐኪም የግራና የቀኝ እይታውን እንዲለካው ጠይቂ፤ የሚጥል ነገር አጋጥሞት ከሆነ፣ ወይ የሚያስተኛው መድኃኒት ካለ እሱንም አትደብቂ። እንግሊዝ አገር ለምሳሌ፣ ስትሮክ የመታው ሰው ምንም ቢሻለው ቢያንስ 1 ወር መንዳት አይፈቀድለትም፣ የአውቶቡስና የከባድ መኪና ሹፌር ደግሞ 1 ዓመት። ከዚያ በኋላም ያልተሻለው አይነዳም።

ተስፋ ግን አትቁረጪ፣ ይሄ ነገር ብዙ ሰው ላይ በወራት ውስጥ እየተሻለ ይሄዳል። ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላም ቢሆን ቀጥታ መገናኛ አይሂድ! የመንጃ ማሠልጠኛ መኪና ለመምህሩም ፍሬን ስላለው በእሱ ይጀምር፣ ጠዋት፣ ጭር ያለ ሰፈር ውስጥ። ባለቤትሽ ግራ ስፖኪዮውን ያያል ወይ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይሄድበታል ወይ የሚለውን መምህሩ ይከታተልልሽ። ደግሞ ከስትሮክ በኋላ ድካሙ ቆየት ብሎ ነው የሚመጣው፤ ሲሄድ ጎበዝ የነበረ ሰው ሲመለስ ይፈዛል። ስለ መልሱ ጉዞ መምህሩን ለብቻው ጠይቂው፣ ባለቤትሽ በሌለበት።