የጤና ጥያቄዎቻችሁ፦ ሌሊት የሚያድር ፍም፣ የፈላ ውሃና የተቋረጠ ክኒን

ጥያቄ፦ አማቴ ማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ የከሰሉን ምድጃ መኝታ ክፍል አስገብተው በሩንም መስኮቱንም ይዘጋሉ። ፍሙ አመድ ለብሶ ያድራል። «ከፈመ በኋላ ጭስ የለው፣ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ጠዋት ጠዋት እሳቸውም አብራቸው የምትተኛው ልጄም ራሳቸውን ያማቸዋል። ብናገር «የዛሬ ልጆች ፍርሃታችሁ በዛ» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? (ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

መልስ፦ ምድጃው ዛሬ ማታውኑ ይውጣ፤ ክርክሩ ነገ ይደርሳል። አንድ ክፍል ያደሩ ሁለት ሰዎች በየጠዋቱ እኩል ራሳቸውን ሲያማቸው ጉንፋን ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ውጭ ወጥተው አየር ሲያገኙ የሚለቃቸው ከሆነ ደግሞ ከሰሉን መጠርጠር ነው። ሁለቱንም ጤና ጣቢያ ወስደው ያሳዩ፤ ከሰል ክፍሉ ውስጥ ማደሩንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

አማትዎ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ዓይን የሚለበልበው ጭስ ከሰሉ ሲፈም ይጠፋል። የሚገድለው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በረታ አድርጎ ይይዘዋል። ቀዩ ፍም ይህን ጋዝ ማውጣቱን አያቆምም። አመድ ሲለብስ ደግሞ አየር እያጠረው ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ሲለቅ ያድራል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ድሮውንም ሳሳ ያለ ነው፣ ጉዳቱም ይፈጥናል።

በሳህን ውሃ ማስቀመጥ፣ ፍሙ ላይ ጨው ወይም ሎሚ ጣል ማድረግ፣ ዕጣን ማጨስ፦ አንዱም ጋዙን አይቀንስም። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ ማስገባት ጭሱን እንጂ ጋዙን አያስቀርም። ቡና ሲፈላ በሩና ፊት ለፊቱ ያለው መስኮት ቢያንስ ስንዝር ያህል ክፍት ይሁኑ፤ አንዱ ብቻ ሲከፈት አየሩ አይተላለፍም። በረካው ሲያልቅ ምድጃው ይወጣል፤ መስኮት ሥር ግን አይቀመጥ፣ ተመልሶ ይገባል።

ብርዱን ግን አይናቁባቸው። ለትልቅ ሰው የደሴ ሌሊት ቀልድ አይደለም፤ ምድጃውን ብቻ ወስደው ባዶ እጅዎን ቢመለሱ ነገ መልሰው ያስገቡታል። የሙቅ ውሃ ላስቲክ ከመድኃኒት ቤት ይግዙላቸው፤ ውሃው ከፈላ በኋላ ትንሽ በረድ ይበል፣ ላስቲኩም እንዳያቃጥላቸው በፎጣ ይጠቅለል። ካልሲና ተጨማሪ ጋቢም አይጥፋ።

በከሰል የታፈነ ሰው ካገኛችሁ በሩን ከፍታችሁ ወዲያው ወደ ውጭ አውጡት። ራሱን ለሳተ ሰው ወተት አይሰጥም፤ ሳንባው ይገባል። ትንፋሽ ካለው በጎኑ አስተኝታችሁ ሆስፒታል አድርሱት፤ መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ነቅታ «ደህና ነኝ» ብትልም መታየት አለባት።

ጥያቄ፦ የልጆቼን ውሃ 20 ደቂቃ አፈላለሁ። ባለቤቴ «አብሽሪ፣ እኛም የቧንቧ ውሃ ጠጥተን ነው ያደግነው፣ ከሰሉን አትፍጂው» ይለኛል። ማን ነው ልክ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ በከሰሉ እሳቸው፣ በውሃው እርስዎ። ውሃው ከጫፍ እስከ መሃል ከተንፈቀፈቀ ኮምቦልቻ ላይ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ ከተማዋ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ደሴ ያሉ እህቶችዎ 3 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ ያለፈው ከሰል ማባከን ነው። ድስቱ ዳር ላይ ጥቃቅን አረፋ ሲታይ ግን ገና አልፈላም።

«ጠጥተን አደግን» የሚለው ክርክር ያላደጉትን አይቆጥርም። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ቧንቧው ባዶ በሚሆንበት ሰዓት በተሰነጠቀው በኩል ቆሻሻ ይገባል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚወርደው ለጽዳት ይዋል።

ብዙ ቤት የሚበላሸው ደግሞ ከፈላ በኋላ ነው። የፈላው ውሃ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ይገባል፣ ልጁ ኩባያውን ከነእጁ ይነክራል፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ። አፈ ጠባብ ጀሪካን ውስጥ አስቀምጠው እየቀዱ ይጠጡ። ውስጡ አረንጓዴ ከያዘ ጥቂት ጠጠርና የሳሙና ውሃ ጨምረው በኃይል ይናጡት፣ በደንብም ያለቅልቁት።

ከሰል ከከበደ ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ውሃ ማከሚያ መጠቀም ይቻላል። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ አለ፤ ጨምረው ካወዛወዙት በኋላ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። የደፈረሰ ውሃ ክሎሪኑን ስለሚጨርሰው አስቀድሞ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ይጠለል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ግፊቱ 130 በ80 ሲባል «ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን ተወ፤ አሁን ነጭ ሽንኩርት ነው የሚበላው። (ከፒያሳ፣ ደሴ)

መልስ፦ ያወረደው ክኒኑ ነው፤ ሲቆም ግፊቱ ይመለሳል፣ አብዛኛውን ጊዜም ምልክት የለውም። ነጭ ሽንኩርቱን ወጥ ውስጥ ይብላ፤ ክኒኑን ግን አይተካም። የተወበትን ምክንያት ረጋ ብለው ይጠይቁት። ከግፊት ክኒኖች ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል፣ አምሎዲፒን የእግር እብጠት ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ከሆነ ሐኪሙ ይቀይርለታል።

ሲለካ ቡና ከጠጣ ግማሽ ሰዓት ይለፈው፤ 5 ደቂቃ ጀርባውን ተደግፎ ይቀመጥ፣ እግሩን አያጣምር፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ይረፍ፣ ማሰሪያውም ሹራብ ላይ አይታሰር። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ፣ አይለፍ። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ከገባባቸው ወጡ ላይ አይደገም።