የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ንቦቹ ከቀፎው ደጃፍ ላይ ምን እያደረጉ ነው?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው በኮምቦልቻ ከተማ ዳርቻ ሲሆን በግቢዬ ሁለት ዘመናዊና አንድ የሽግግር ቀፎ (በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ያለ) አሉኝ። ከሚያዝያ ማብቂያ ጀምሮ ከቀትር በኋላ፣ በተለይም ወደ ማምሻው፣ ከአንደኛው ዘመናዊ ቀፎ ብዙ ንቦች እየወጡ ከበሩ ሥር እንደ ጺም ተንጠልጥለው ያመሻሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ በመደዳ ቆመው፣ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንጨቱን የሚፍቁ ይመስል ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛሉ። በሠፈራችን ረጅም ዘመን ንብ ያነቡ አንድ አባት «ሊኮበልሉ ነው፤ ማሩን ሳይጨርሱት ቁረጥ» ብለው መከሩኝ። በእርግጥ ሊሄዱ ነው? ማሩንስ ልቁረጥ?

መልስ፦ ለጊዜው ማሩን አይቁረጡ። የጻፉልን ምልክቶች የሚያሳዩት ንቦቹ እንደሞቃቸውና ምናልባትም ቀፎው እንደጠበባቸው እንጂ ለመኮብለል መነሣታቸውን አይደለም። ንቦች እጫቸውን የሚያሳድጉበትን የቀፎውን መካከለኛ ክፍል ሙቀት ዘወትር በ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይጠብቃሉ፤ ሙቀቱ ከዚያ እጅግ ካለፈ እጩ ይጎዳል፣ የሰሙ እንጀራም እየለሰለሰ ይሄዳል። ስለዚህ ቀኑ ሲሞቅ አንዳንዶቹ ውኃ ቀድተው በእንጀራው ላይ በስሱ ይዘረጉታል፣ ሌሎቹ በክንፋቸው እያራገቡ እንዲተን ያደርጉታል፣ በውስጥ ሥራ ያልተያዙት ደግሞ በገላቸው ሙቀት እንዳይጨምሩና የአየሩን መተላለፊያ እንዳይዘጉ ወደ ደጅ ወጥተው ያርፋሉ። ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለችና የምትሞቅ ከተማ በመሆኗ፣ በዚህ ወቅት እንዲህ ያለ ነገር መታየቱ አያስደንቅም፤ ቀፎው ያለ አንዳች ክፍተት በቆርቆሮ ተሸፍኖ እንደሆነ ደግሞ ሙቀቱ ይብስበታል።

ይህን በራስዎ ዓይን ማረጋገጥ ይችላሉ። ከበሩ ፊት ለፊት ሳይቆሙ ከጎን ሆነው ቀረብ ብለው ቢመለከቱ፣ ጥቂት ንቦች ጭንቅላታቸውን ወደ በሩ፣ ጀርባቸውን ወደ ውጭ አዙረው፣ እግሮቻቸውን እንጨቱ ላይ አጥብቀው፣ ክንፎቻቸው ለዓይን እስኪጠፉ ድረስ ሲያራግቡ ያያሉ፤ የታፈነውን ሞቃት አየር ከውስጥ የሚስቡት እነርሱ ናቸው። ከሚያራግቡት መካከል የሆዳቸውን ጫፍ ወደ ላይ ቀስረው በጫፉ አጠገብ ነጣ ያለ ቦታ የሚገልጡ ካሉ ግን ሥራቸው ሌላ ነው፤ ከዚያ ቦታ በሚወጣው ሽታ ጓደኞቻቸውን «ቤታችን እዚህ ነው» ብለው እየጠሩ ነው። ይህ ቀፎ ከተከፈተ ወይም ከተንቀሳቀሰ በኋላ በብዛት ይታያል።

የመከሩዎት አባት ስጋት ግን መሠረት የሌለው አይደለም። የአገራችን ንቦች ከአውሮፓ ንቦች ይልቅ ቤታቸውን ጥለው ለመሄድ የሚፈጥኑ ናቸው፤ ጉንዳን ሲያስቸግራቸው፣ የሰም እራት የሚባለው ነፍሳት የሰም እንጀራቸውን ሲበላው፣ አበባ ሲጠፋ ወይም ቀፎው በተደጋጋሚ ሲከፈት ይኮበልላሉ። ነገር ግን ሊኮበልል የተነሣ ኅብረ ንብ እንደ እርስዎ ንቦች አይፋፋም። ንግሥቲቱ እንቁላል መጣል ትቀንሳለች፣ በእግራቸው የአበባ ብናኝ ይዘው የሚገቡት ንቦች ይመናመናሉ፣ የተጠራቀመው ማርም ይጎድላል። በጠዋት ከቀፎው አጠገብ ተቀምጠው በኋላ እግራቸው ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ብናኝ ተሸክመው የሚገቡትን ይመልከቱ፤ በብዛት የሚገቡ ከሆነ ውስጥ የሚመገብ እጭ አለና አይስጉ።

ከመኮብለል የሚለየው ሌላው ነገር ተከፍሎ መውጣት ነው። በዚህ ጊዜ አሮጊቷ ንግሥት ከሠራተኞቹ ብዙዎቹን ይዛ ትወጣለች፣ የቀሩት ደግሞ አዲስ ንግሥት ያሳድጋሉ። አበባ በፈካበትና ቀፎው በተጨናነቀበት ወቅት የሚሆን በመሆኑ እርስዎን ሊያሳስብዎት የሚገባው ይኸኛው ነው። ምልክቱ ከእንጀራው ጠርዝ ወደ ታች የተንጠለጠሉ፣ ከሌሎቹ ተለቅ ያሉና ረዘም ያሉ የንግሥት ቤቶች መገኘታቸው ነው። ንግሥት ከእንቁላል እስከ ሙሉ ንብነት 16 ቀን ብቻ ስለሚበቃት፣ እነዚህን ቤቶች ካገኙ ለነገ የሚሉት ጉዳይ አይደለም፤ ንቦቹን ራስዎ በሁለት ቀፎ ይክፈሏቸው።

ስለ መወዛወዙ የጠየቁት በመላው ዓለም ያሉ ንብ አናቢዎችን የሚያስገርም ጠባይ ነው። ይህን የሚያደርጉት ሠራተኛ ንቦች ሲሆኑ ከተፈለፈሉ ሁለት ሳምንት ገደማ ከሆናቸው በኋላ ይጀምራሉ። የቀፎውን ገጽ እያጸዱ ነው የሚሉ አሉ፤ ሥራ የሚያንስበት ጊዜ ጠባይ ነው የሚሉም አሉ፤ ተመራማሪዎች ግን በአንድ ምክንያት ላይ አልተስማሙም። ጉዳት እንደሌለው ግን የታወቀ ነውና በጭስ አይበትኗቸው። እኔ በበኩሌ ይህን ሥራቸውን ዝም ብሎ ከመመልከት የበለጠ የንብ አናቢ ደስታ ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ማድረግ ያለብዎት ይህ ነው። በቆርቆሮውና በቀፎው ክዳን መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተዉ፣ በላዩም ሣር ይጎዝጉዙ። በሩን አስፍተው ይክፈቱ። በአቅራቢያው ጠጠርና ጭራሮ የተደረገበት ውኃ ያኑሩ፤ መቆሚያ ከሌለው ይሰጥማሉ። ታችኛው ሳጥን በንብና በእጭ ከሞላ የማር ሳጥን ይደርቡላቸው። ማሩን የሚቆርጡት ቢያንስ ከእንጀራው ሦስት አራተኛው በሰም ሲከደን ነው፤ ያልተከደነ ማር ውኃው ስለሚበዛ ይቦካል።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው የምጽፍላችሁ። ባለፈው ታኅሣሥ ንቦቼ ከራሳቸው ተለቅ ያሉ ንቦችን በክንፋቸው እየጎተቱ ወደ ውጭ ይጥሉ ነበር። በሽታ ይሆን?

መልስ፦ የሚጣሉት ትላልቅ ዓይኖቻቸው ከአናታቸው ላይ የሚገናኙና ሆዳቸው ደንደን ያለ ከሆኑ ድንጉላዎች (ወንዶቹ ንቦች) ናቸው፤ መንደፊያ ስለሌላቸው በእጅዎ ይዘው ማየት ይችላሉ። የድንጉላ ሥራው ከንግሥት ጋር መራባት ብቻ ነው፤ አበባ አይቀስምም። የአደይ አበባ አልፎ የደሴ ብርድ ሲጠነክር ምግብ ስለሚያጥር ሠራተኞቹ መጀመሪያ መመገባቸውን ያቆማሉ፣ ቀጥሎም ያስወጧቸዋል። ይልቁንስ ሌሎቹ ቀፎዎች ድንጉላዎቻቸውን ሲያባርሩ አንዱ ብቻ ይዞ ከቀረ፣ ንግሥት አጥቶ ሊሆን ስለሚችል ያንን ይመርምሩ።

ከበሩ ሥር የሚያገኙት ደረቅና ነጭ ወይም ግራጫ የሆነ እጭ ከሆነ ግን የሻጋታ በሽታ ነውና እርጥበት እንዳይገባ ቀፎውን ከመሬት ከፍ አድርገው አየር ያስገኙለት። ምላሳቸውን አውጥተው፣ እየተንቀጠቀጡ የሚሞቱ ሠራተኛ ንቦች ካገኙ ደግሞ መርዝ ከተረጨበት አበባ ቀስመው ሊሆን ይችላል። ማሳ ያላቸውን ጎረቤቶችዎን አነጋግረው ፀረ ተባዩን ሰብሉ ሲያብብ እንዳይረጩ፣ የግድ ከሆነም ንቦች ወደ ቀፏቸው ከተመለሱ በኋላ በምሽት እንዲረጩ ይለምኗቸው፤ የሚረጩበትን ቀን አስቀድመው ከነገሩዎት በዋዜማው ማታ የቀፎውን በር አየር በሚያሳልፍ ወንፊት ዘግተው ውኃ አኑረውላቸው በማግስቱ ማታ መክፈት ይችላሉ።