ጭንቀት ጅማት ይበጥሳል ወይ? ስለ ተጫዋች አእምሮና ስለ ጉዳት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሥራዬ የተጎዱ የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ወደ ሜዳ መመለስ ነው። ስለ ጭንቀትና ስለ ጉዳት የሚመጣው ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ለእሱ ብቻ ቦታ ለቅቀናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እኔ ይሄ ነገር አይዋጥልኝም። ጡንቻ ጡንቻ ነው። የሰው ሐሳብ እንዴት አድርጎ ጡንቻ ይበጥሳል?

መልስ፦ ሐሳብ ብቻውን አይበጥስም፤ እዚህ ላይ ተስማምተናል። መሀል ላይ ግን ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ትኩረት ነው። ሰው ሲወጠር የሚያየው ነገር ይጠባል። አማካዩ ኳሷን ያያል፣ ከጎኑ በሩጫ የሚመጣውን ተከላካይ ግን አያይም። ወይም ያየዋል፣ ግን ሰውነቱን ለግጭት ለማዘጋጀት ጊዜ አልፎበታል። አንዳንዴ ደግሞ ዓይኑ ሜዳ ላይ ሆኖ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ቅድም ስለሳተው ኳስ እያሰበ ነው፣ ወይም አሰልጣኙ ወደ ተጠባባቂዎቹ ወንበር ሲዞር አይቶ «ሊቀይረኝ ነው» እያለ ነው።

ሁለተኛው ጡንቻው ራሱ ነው። በውጥረት ጊዜ ጡንቻ ያለ ሥራው ይኮማተራል። ስትሮጥ አንዱ ጡንቻ ሲሳብ ተቃራኒው መላላት አለበት። የተወጠረ ሰው ላይ ይህ ቅንጅት ይዛባል፣ ድካምም ቶሎ ይመጣል።

ይህን መንገድ በ1988 በሥርዓት አስቀምጠው ያሳዩት ጂን ዊሊያምስና ማርክ አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። በ1998 አሻሽለውታል። እንደነሱ አባባል አንድ ከባድ ቅጽበት ሲመጣ ተጫዋቹ የሚሰጠው ምላሽ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ በጠባዩ፣ ተሸክሞት በመጣው ጫና፣ እና ጫናን ለመቋቋም ባለው አቅም። በኋላ ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመዘነ ሥራ በ2017 ወጥቷል። በእሱ መሠረት ከጉዳት ጋር ጠንከር ያለ ግንኙነት የታየው ሰውየው ለጫና በሚሰጠው ምላሽና ባሳለፈው ጫና ላይ ነው። ግንኙነቱ ግን መጠነኛ ነው። በእሱ ብቻ «እገሌ ቅዳሜ ይጎዳል» ማለት አይቻልም። የቀድሞ ጉዳት፣ የልምምድ ብዛትና የሰውነት ድካም አሁንም ከባድ ሚዛን አላቸው።

ጥያቄ፦ ጫና ሲባል የጨዋታ ጫና ነው? የደርቢ፣ የፍጻሜ ምናምን?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ጥናቶቹ ግን አብዝተው የሚያሳዩት ከሜዳ ውጭ ያለውን ኑሮ ነው። ሆልምስና ራሄ በ1967 ሰውን የሚያናውጡ 43 የሕይወት ክስተቶችን በነጥብ ደርድረው ነበር። ሞት፣ ፍቺ፣ ሥራ ማጣት አለበት። ጋብቻና ትልቅ ስኬትም አሉበት! ኑሮን የሚገለባብጥ ደስታም ቢሆን ሰው ላይ ጫና አለው ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ይኸው ሐሳብ በአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾች ላይ ተሞከረ፤ ነጥባቸው የበዛው በብዛት ተጎድተው ተገኙ።

ስዊድን ውስጥ ደግሞ አንድሬያስ ኢቫርሰንና ባልደረቦቹ በፕሮፌሽናል እግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ ሠርተው በ2013 ያሳተሙት ጥናት አለ። ለጉዳት መጋለጥን ካመለከቱት ነገሮች መካከል የተጨናቂነት ጠባይ፣ መጥፎ የሕይወት ክስተትና የዕለት ተዕለት ትንንሽ ንዝንዝ ይገኙበታል። እኔን የሚገርመኝ የመጨረሻው ነው። ትልቁን ሐዘን ሰው ሁሉ ያውቅልሃል፣ ያጽናናሃል። የቤት ኪራይ፣ የውል ጉዳይ፣ ከጓደኛ ጋር መኮራረፍ ግን ማንም ሳያውቅልህ በየቀኑ ይጠራቀማል።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው፣ በታዳጊ ቡድን ይጫወታል። ከጨዋታ በፊት ባሉት ቀናት እንቅልፍ የለውም። እኔ እናቱ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንቅልፉን እንደ ልምምዱ ይቁጠሩለት። አሜሪካ ውስጥ 112 ታዳጊ ስፖርተኞችን አይቶ በ2014 የወጣ ጥናት፣ ከ8 ሰዓት በታች የሚተኙት የመጎዳት ዕድላቸው 1.7 እጥፍ መሆኑን አግኝቷል። የእንቅልፉ ማነስ ነው ጉዳቱን ያመጣው ለማለት ይህ ጥናት ብቻውን አይበቃም። ቢሆንም ልጁን ቀደም ብሎ ማስተኛት የሚጎዳው ነገር የለም። ስልኩ ከመኝታ ክፍል ይውጣ። ማታ ማታ ስለ ጨዋታው አያውሩበት። ከጨዋታ ሲመለስ ደግሞ «አገባህ?» ከማለትዎ በፊት «ደስ አለህ?» ቢሉት ይመረጣል። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከቀጠለ ግን ለባለሙያ ያሳዩት።

ጥያቄ፦ የጉልበቴ ኤሲኤል (ጉልበት ውስጥ ያለው የፊተኛው ተሻጋሪ ጅማት) ተበጥሶ ኦፕራሲዮን ከሆንኩ 10 ወር ሆኖኛል። ሐኪሙ «ጉልበትህ ድኗል፣ ተጫወት» ብሎኛል። ብቻዬን ስሮጥ ደህና ነኝ። ሰው ሸርተቴ ሲገባብኝ ግን እግሬን እሰበስባለሁ። ፈሪ ሆንኩ እንዴ?

መልስ፦ ፈሪ አልሆንክም ወንድሜ። አእምሮህ ከጉልበትህ ዘግይቶ እየዳነ ነው። ይህ ያንተ ብቻ ችግር አይደለም። ኤሲኤል ኦፕራሲዮን የተደረጉ ስፖርተኞችን የሚመለከቱ ጥናቶች በ2014 ተጠቃለው ሲታዩ፣ ከ100 ሰዎች 81 ያህሉ ወደ ሆነ ስፖርት ተመልሰዋል። ወደ ቀድሞ ደረጃቸው የተመለሱት ግን 65 ብቻ፣ ወደ ውድድር ደግሞ 55 ናቸው። ልዩነቱን ጉልበቱ ብቻ አያስረዳውም። በራስ መተማመንና የዳግም ጉዳት ፍርሃት ትልቅ ድርሻ አላቸው። ለዚህ ተብሎ በ2008 የተዘጋጀ ኤሲኤል አርኤስአይ የሚባል የ12 ጥያቄ መጠይቅ አለ። ፊዚዮህን ጠይቀው፣ አብራችሁ ሙሉት። «እፈራለሁ» ከሚለው ቃል ይልቅ ምኑን እንደምትፈራ ለይቶ ያወጣልሃል።

አንድ ነገር ልንገርህ። የኤሲኤል መበጠስ በብዛት የሚመጣው ጉልበት በቀጥታ ተመትቶ አይደለም። ስትዞር፣ በድንገት ፍጥነት ስትቀንስ፣ ዘለህ ስታርፍ ነው። እግርህን ከሸርተቴ ለማሸሽ ስትል በአንድ እግርህ ተጣምመህ ብታርፍ፣ ፈርተህ የሸሸኸው ነገር በሌላ በኩል መጣብህ ማለት ነው። በግማሽ ልብ መግባትን የምንፈራው ለዚህ ነው።

እና ምን ይደረግ? ፍርሃቱን በደረጃ ልመደው። መጀመሪያ ከምታምነው ሰው ጋር፣ መቼ እንደሚነካህ እያወቅክ። ከዚያ ሳታውቅ፣ ግን በቀስታ። ከዚያ በጠባብ ሜዳ፣ ከዚያ በሙሉ ፍጥነት። አንዱ ደረጃ ሳይሰለችህ ወደ ቀጣዩ አትለፍ። ግብ ጠባቂውን ፒተር ቼክን አስታውስ። በጥቅምት 2006 የራስ ቅሉ ተሰብሮ በጥር 2007 ተመለሰ፣ የራስ መከላከያውንም ጫማ እስኪሰቅል ድረስ አላወለቀም። ማንም ፈሪ አላለውም።

ተቃራኒውም አለ። ምንም ሳይፈሩ በ6ኛው ወር «ድኛለሁ» ብለው የሚገቡ ወጣቶች። ከ9 ወር በፊት መመለስ የዳግም ጉዳት አደጋን በጣም እንደሚጨምር ይታወቃል። እንደዚህ ያሉት ላይ እንኳን ፍርሃት ማጥፋት፣ ትንሽ ብንጨምርላቸው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ቁጡ ተጫዋች በብዛት ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ውጤቱ የተቀላቀለ ነው፤ አንዱ ጥናት አዎ ሲል ሌላው አይልም። ተናዶ የገባ ሰው ሌላውን እንደሚጎዳ ግን ጥናት አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ አሰልጣኝ ነኝ። ተጫዋች ካልተጮኸበት አይነቃም ባይ ነኝ። ይሄ ሁሉ ማባበል አያሰንፍም?

መልስ፦ አሰልጣኝ፣ መጮህና ማስፈራራት ለየቅል ናቸው። ጮኸው ሲያበቁ ተጫዋቹ «አሰልጣኝ፣ የኋላ ጭኔ እየያዘኝ ነው» ሊልዎት ይችላል? ከቻለ ይጩኹ። ቦታዬን አጣለሁ ብሎ ከደበቀ ግን እየያዘች የነበረችው ሃምስትሪንግ (የኋላ ጭን ጡንቻ) ትበጠስና ለሳምንታት ያጡታል። የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦችን ጉዳት ከ2001 ጀምሮ የሚከታተለው የዩኤፋ ጥናት፣ በዋና አሰልጣኙና በሕክምና ቡድኑ መካከል መግባባት የጎደላቸው ክለቦች የጉዳት ሸክማቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። እኔ በበኩሌ የአሰልጣኝን ጠባይ ከአደጋ ምክንያቶች ተርታ አስቀምጠዋለሁ። ሁሉንም «የተጫዋቹ አእምሮ ደካማ ነው» ብሎ መዝጋት ለኃላፊዎች ይመቻል፣ ተጫዋቹን ግን አያድንም።

ጥያቄ፦ ተቃራኒውስ? ጉዳት ራሱ ጭንቀት አያመጣም?

መልስ፦ በሚገባ ያመጣል። ዓለም አቀፉ የተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ በ2015 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ከተጠየቁት በመጫወት ላይ ያሉ ባለሙያዎች 38 በመቶው የድብርት ወይም የጭንቀት ምልክት እንዳለባቸው ተናግረዋል። ከባድ ጉዳት በተደጋጋሚ የደረሰባቸው ላይ ነገሩ ይብሳል። ጀርመናዊው ሴባስቲያን ዳይስለር ከጉልበት ጉዳትና ከድብርት ጋር ሲታገል ቆይቶ በ2007 መጀመሪያ በ27 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። ለተጎዳ ተጫዋች ከቡድኑ መነጠል ሁለተኛ ጉዳት ነው። በረዶ ተይዞለት ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ከሚተኛ ወደ ስብሰባውና ወደ ምሳው ይጠራ።

ጥያቄ፦ ሥነ ልቦናዊ ሥልጠና ጉዳት ይቀንሳል ወይስ ወሬ ነው?

መልስ፦ ወሬ አይደለም። በ2005 የታተመ አንድ የስዊድን ሙከራ ለጉዳት የተጋለጡ ተጫዋቾችን መርጦ ከፊሎቹን ሰውነት ማላላት፣ ጫና መቋቋምና ግብ ማስቀመጥ አስተማረ። ከሌሎቹ በግልጽ ባነሰ ሁኔታ ተጎዱ። የተሳተፉት ሰዎች ግን ጥቂት ነበሩ፣ ይህን አትርሱ። ምርጫ ውስጥ ካስገባችሁኝ፣ ጊዜ የሌለው ቡድን መጀመሪያ የፊፋን 11 ፕላስ ማሟሟቂያ በትክክል ይሥራ። 20 ደቂቃ ነው፣ ጉዳት መቀነሱም በትልልቅ ሙከራዎች ታይቷል። ከሱ ላይ ነው የአእምሮው የሚደረበው።

ጥያቄ፦ ባለሙያ መቅጠር አንችልም። ከልምምድ በፊት ምን ብጠይቃቸው ይበጃል?

መልስ፦ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የሰውነት ሕመም፣ ስሜት። አራቱንም ከ1 እስከ 5 ይስጡ፣ በወረቀት፣ ለየብቻቸው። ጓደኛው እያየው ማንም «ደብሮኛል» አይልም። የምትፈልጉት አንዱን ቀን አይደለም። ሁልጊዜ 4 የሚሰጥ ልጅ ለተከታታይ ቀናት 2 ከሰጠ ጠጋ ብላችሁ አናግሩት፣ የዚያን ቀን ሩጫውንም ቀንሱለት። ነጥቡን ግን ለአሰላለፍ እንዳትጠቀሙበት። አንዴ 2 የሰጠውን ልጅ ከቡድን ካወጣችሁት በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም 5 ነው የሚሰጣችሁ።