ጥብስ ሲጫኑ በየዓይነቱ የሚቆርጠው ስክሪን

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ምግብ ቤት አለኝ። በቅርቡ በጣት እየተነካ በሚታዘዝ ስክሪን (ተች ስክሪን) የሚሠራ የሽያጭ ሶፍትዌር አስገባሁ። ብዙ የተሸጠውን ምግብ ራሱ ወደ ላይ ያመጣል፣ ሥራ ያቀላል ተብዬ ነው የገዛሁት። ጎበዟ ካሸሬ ግን መሳሳት ጀመረች። ጥብስ ለታዘዘ በየዓይነቱ ትቆርጣለች። ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ይብስባታል። ልጅቷን ልቀይር ወይስ ስክሪኑን?

መልስ፦ ልጅቷን እንዳይነኳት! ሐሙስና ቅዳሜ ማለትዎ ነገሩን ግልጽ አድርጎታል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ በየዓይነቱና ሽሮ ሲሸጥ ይውላል። ሶፍትዌሩ ይህን ቆጥሮ በማግስቱ በየዓይነቱን አንደኛ ላይ ያወጣዋል። ጾምና ፍስክ የሚባል ነገር አያውቅም። ካሸሯ ደግሞ ዓይኗ ደንበኛው ላይ ነው፤ ቁልፉን የምታገኘው ጣቷ ቦታውን ስለለመደ ነው። ጀማሪ ብትሆን እያነበበች ስለምትጫን ያን ያህል ባልተሳሳተች። የሚጎዳው ፈጣኑ ሠራተኛ ነው።

ይህ በጥናትም ታይቷል። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሊያ ፊንድሌተርና ጆአና ማክግሬኔር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት ሦስት ዓይነት የኮምፒውተር ሜኑ (የትእዛዝ ዝርዝር) አወዳድረው ነበር፦ ቋሚ፣ ራሱን የሚቀያይርና ተጠቃሚው በእጁ የሚያስተካክለው። ቋሚው ራሱን ከሚቀያይረው ፈጥኖ ተገኘ። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች የወደዱት ግን በእጃቸው የሚያስተካክሉትን ነው። ማይክሮሶፍትም በኦፊስ 2000 ብዙ የማንነካቸውን ትእዛዞች የሚደብቅ ሜኑ አምጥቶ ነበር። ስንቱን ሰው እንዳስለፈለፈ የዚያን ጊዜ ጸሐፊዎችን ይጠይቁ።

እና ምን ያድርጉ? ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ምግቦቹን በሽያጭ ብዛት የሚደረድረውን ያጥፉት። ካላገኙት የሸጠልዎትን ድርጅት ይጥሩ፤ አይጠፋም ካሉዎት ሶፍትዌሩ ለእርስዎ ሥራ አይሆንም።

ከዚያ አንድ ማታ ቤቱ ሲዘጋ ከካሸሯ ጋር ቁጭ ይበሉ። ሁለት ገጽ ያውጡ፣ አንዱ የጾም፣ አንዱ የፍስክ። የቱ ምግብ የት እንደሚቀመጥ እሷ ትምረጥ። ረቡዕ ጠዋት ገጹን የምትቀይረው እሷ ናት፤ ማሽኑ በራሱ አይነካውም። ለዐቢይ ጾም 55 ቀን የጾሙን ገጽ መክፈቻ ያድርጉት። ስማቸው ተመሳስሎ ዋጋቸው የሚለያየውን፣ ለምሳሌ ክትፎና ስፔሻል ክትፎን፣ ጎን ለጎን አያስቀምጡ። ቀለማቸውንም ይለዩ።

የቁልፉን ቦታ ሲቀይሩ የምግቡን ኮድና የታክስ ምድብ እንዳይነኩ። ደረሰኝ አንዴ ከተቆረጠ ማስተካከሉ ምን ያህል ጣጣ እንዳለው ያውቁታል። ሳይጀምሩ ባክአፕ ይያዙ።

ብዙ የተሸጠውን ማሽኑ ያሳየኝ ካሉ፣ ከላይ አንድ ጠባብ ረድፍ ይስጡት። እዚያ የሚወጣው ግን ቅጂው ይሁን፤ ዋናው ቁልፍ ከቦታው አይነቃነቅ። ተመራማሪው ክሺሽቶፍ ጋዮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 በሞከሩት ላይ ተጠቃሚዎች የወደዱት ይህንን ዓይነት ነበር። የሚያስፈልገውን ቅጂ ካላዩት በለመዱት ቦታ ያገኙታላ።

ሁለት ካሸር በፈረቃ የሚሠሩ ከሆነ ለየራሳቸው መግቢያ ይክፈቱላቸው። ሶፍትዌሩ አቀማመጡን በተጠቃሚ የማይለይ ከሆነ ሁለቱ ተስማምተው አንድ ያውጡ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንሽ ይዘገያሉ፣ አይቆጧቸው።

ይህን ሁሉ አድርገውም ስህተቱ ከቀጠለ በስህተት የተቆረጠው ምን እንደሆነ ይመልከቱ። ሁልጊዜ የጎኑ ቁልፍ ከሆነ ችግሩ ስክሪኑ ጣት የነካውን ቦታ በትክክል አለመለየቱ ነው። መጀመሪያ ስክሪኑን ከዘይትና ከቅባት ያጽዱት፤ ካልተስተካከለ ካሊብሬሽን (የስክሪኑን የንክኪ ልኬት ማስተካከል) ያሠሩት።