በውጭ ለሠለጠኑ የአንደኛ ደረጃ መምህራን የአየርላንድ የአይሪሽ ቋንቋ ግዴታ፦ ጥያቄና መልስ

በቡድናችን አባላት ለተነሡት ጥያቄዎች መልስ የምሰጠው እኔም በውጭ ሠልጥኜ ወደ አየርላንድ የመጣሁና ግዴታውን በፈተና ያሟላሁ መምህር በመሆኔ ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ አቀላጥፌ እናገራለሁ። አይሪሽ ለምን ይጠየቃል?

መልስ፦ በአንደኛ ደረጃ ሒሳቡንም፣ ንባቡንም፣ አይሪሹንም የሚያስተምረው ያው የክፍሉ መምህር ስለሆነ ነው። የመምህራን ምክር ቤቱ ዲግሪዎን ከተቀበለ በቅድመ ሁኔታ ይመዘግብዎታል፤ ግዴታውን የሚያሟሉበትም የ3 ዓመት ጊዜ ይሰጥዎታል። ከዚያ በማሪኖ የትምህርት ተቋም በኩል ወይ ፈተና (ኤስ ሲ ጂ) ይወስዳሉ፣ ወይ የማላመጃ ኮርስ (ኦ ሲ ጂ) ይከታተላሉ። በደብዳቤዎ ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ቀን አይዘንጉ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማርስ?

መልስ፦ አይሪሽን ራሱን ወይም በአይሪሽ ካላስተማሩ አይመለከትዎትም።

ጥያቄ፦ ሰዋስዉ ይከብዳል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ግሱ እንደ እኛ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያው ይመጣል፤ ለ«አዎ» እና ለ«አይደለም» ራሳቸውን የቻሉ ቃላት ስለሌሉም የተጠየቁበትን ግስ መልሰው ይናገራሉ። ዋናው ፈተና ግን የቃሉ መነሻ ድምፅ መለዋወጡ ነው። እኛ «ድመቱ»፣ «ድመቷ»፣ «ድመታቸው» ብለን መጨረሻውን ስንለውጥ እነርሱ «አ ኻት» (የእርሱ)፣ «አ ካት» (የእርሷ)፣ «አ ጋት» (የእነርሱ) ይላሉ። ቋንቋው በሚነገርባቸው የጌልታክት አካባቢዎች በአንዱ ሳለሁ፣ በራት ሰዓት ወደ ባልየው እያመለከትኩ «አ ካት» ብል፣ ያሳደሩኝ እመቤት «እንግዲያው ድመቷ የእኔ ሆነች» ብለው ሳቁ። ስለዚህ ድምፅ አውጥታችሁ ተለማመዱ፤ በዓይን ብቻ የተጠና አይሪሽ በቃል ፈተናው ላይ አያድንም።

አንድ አባል፦ ከአይሪሽ ትምህርት ነፃ የሚደረጉ ተማሪዎች እያሉ መምህሩን ማስገደድ አድልዎ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም አይፈቅደውም።

ሌላ አባል፦ ቋንቋው እንዲኖር ከተፈለገ ከትምህርት ቤት ውጭ በማን በኩል ይተላለፋል? እኛስ ልጆቻችንን ቅዳሜ አማርኛ የምናስተምረው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የሕጉ ክርክር እ.ኤ.አ. በ1989 ዕልባት አግኝቷል። ግሩነር የተባሉ ሆላንዳዊት የሥዕል መምህርት አይሪሽ ባለማለፋቸው ቋሚ ሥራ ተከልክለው ተከራከሩ፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ግን መስፈርቱ ከዓላማው ጋር የተመጣጠነና አድልዎ የሌለበት እስከሆነ ድረስ ይፈቀዳል አለ። ተማሪው ነፃ መደረጉ መምህሩን ነፃ አያደርገውም።

ጥያቄ፦ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

መልስ፦ ለማን? ከዜሮ ለሚጀምር ወይስ በልጅነቱ ለተማረው? ጥያቄያችሁን ሙሉ አድርጋችሁ ጻፉ። የማብቂያውን ቀንም ተመልከቱ፤ ይህን ስናገር ሁለተኛዬ ነው።

ጥያቄ፦ የሥራ ፈቃድ እንዴት ይገኛል?

መልስ፦ ሙያዬ አይደለም።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ ብቻ አይበቃም?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ የትኛውን ዘዬ ልማር?

መልስ፦ «እንዴት ነህ» ለማለት የደቡቡ የመንስተር ሰው «ኮነስ አታ ቱ» ሲል፣ የምዕራቡ የኮናክትም የሰሜኑ የአልስተርም ሰዎች የየራሳቸው አባባል አላቸው። አስተማሪዎ የሚናገረውን ይያዙና በእርሱ ይጽኑ፤ ሌሎቹን ግን ጆሮዎ እንዲለምዳቸው በአይሪሽ የሚተላለፈውን ሬዲዮ፣ ራዲዮ ና ጌልታክታን፣ በየቀኑ ያድምጡ።