ዲፓርትመንት ልቀይር ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ፣ 3ኛ ዓመት ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ እንደሆንሽና ሌላ ፕላኔት የሚዞሩ ሰው አልባ መንኮራኩሮችን ጉዞ ከሚያቅዱት ጋር መስራት እንደምትፈልጊ፣ ለዛ ብለሽም አስትሮፊዚክስ ከዜሮ ልጀምር ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። በኔ በኩል እንዳትቀይሪ።

ሳይንቲስቱ "ማርስ ላይ የነበረው አየር የት ገባ" ብሎ ይጠይቃል፣ ከዛ በኋላ ያለው አብዛኛው ክርክር የኢንጂነር ነው፣ ስንት ኪሎ ነዳጅ፣ ስንት ዋት፣ ካሜራው ከከበደ ምን ይቀነስ። ወደ ማርስ ለመሄድ ጥሩ ጊዜ ሚገኘው በ26 ወር አንዴ ስለሆነ አንድ ክፍል ከዘገየ ሁሉም ነው ሚጠብቀው። እና ደርሶም አያልቅም፣ መንኮራኩሯ ሞተር አስነስታ ፍጥነቷን ካልቀነሰች ፕላኔቷን አልፋ ትሄዳለች።

የጃፓኗን መንኮራኩር አካትሱኪን እይልኝ። በ2010 ቬነስ ጋ ደርሳ ዋናው ሞተር እየሰራ እያለ ተበላሸና አለፈቻት፣ ምክንያቱ ደግሞ የነዳጅ መስመር ላይ ያለች ቫልቭ በጨው መደፈኗ ነው። ቫልቭ! ያንቺ ትምህርት ማለት ነው። ቡድኑ ግን አልተዋትም፣ ፀሐይን እየዞረች 5 ዓመት ጠብቀው በ2015 አቅጣጫ ለማስተካከል በተሰሩት ትንንሽ ሞተሮች ቬነስ ምህዋር ውስጥ አስገቧት፣ እኔ ይሄን ታሪክ ባወራሁት ቁጥር ልቤን ይነካኛል።

የሚጎድልሽ ኦርቢታል ሜካኒክስ (የምህዋር ጉዞ ስሌት) እና ፓይተን የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው፣ ኮርሱ ካለ እንደ ኢሌክቲቭ ውሰጂው። ከዛ ናሳ በነፃ የለቀቀውን ጂማት (GMAT) የሚባል የመንኮራኩር ጉዞ ማቀጃ ሶፍትዌር አውርጂና እንደ ማርሱ አየር ያለ አንድ ትንሽ የሳይንስ ጥያቄ መርጠሽ የራስሽን ሚሽን ከመነሻ እስከ ምህዋር አቅጂ፣ የክብደትና የፓወር ሰንጠረዡን በኤክሴል ስሪ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ጎን ዩኒቱን ፃፊ። ይሄን ቀላል እንዳታደርጊው፣ በ1999 ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የምትባለው የናሳ መንኮራኩር የጠፋችው አንዱ ቡድን የሞተሮቹን ግፊት በፓውንድ የሰጠውን ቁጥር ሌላው በኒውተን ስላነበበው ነው። ኢንተርቪው ላይም ለምን ይሄን መሳሪያ ተውሽው ሲሉሽ ክብደቱን ጠቅሰሽ ማስረዳት ከቻልሽ ከየትኛውም ሰርተፍኬት በላይ እሱ ይሰራልሻል።

መጀመሪያ የመረጥሽውን ጥያቄ በአንድ አረፍተ ነገር ፅፈሽ ላኪልኝ፣ ሰፍቶብሽ ከሆነ አብረን እናጠበዋለን።