የጎዳና ሠዓሊን በሥራው ላይ ሳለ ፎቶግራፍ ማንሳት

ጥያቄ፦ ሰው በሚበዛባቸው የከተማ መንገዶች ላይ መሬቱን በጠመኔ፣ ግድግዳውን በስፕሬይ ቀለም የሚሥሉ ሠዓሊዎችን አመሻሽ ላይ ፎቶግራፍ ማንሳት እወዳለሁ። ፈቃድ ስጠይቃቸው ግን ሥራቸውን አቁመው ወደ ካሜራው ይመለከታሉ፤ ሳልጠይቅ ሳነሳ ደግሞ የሰረቅሁ ያህል ይሰማኛል። በዚያ ላይ መንገደኛው በመካከላችን እየገባ ምስሉን ያበላሽብኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከጠየቁ በኋላ ግን ይቆዩ። ችግሩ ፈቃድ መጠየቅዎ ሳይሆን ፈቃዱን እንዳገኙ ወዲያው አንስተው መሄድዎ ይመስለኛል። ካሜራ የተደቀነበት ሰው ቀና ብሎ ፈገግ ማለቱ ያለ ነገር ነውና ያንን የመጀመሪያ ፎቶ በደስታ ያንሱለት፣ ያሳዩትም፤ ከዚያ ካሜራውን አውርደው እንደ ማንኛውም ተመልካች ዝቅ ብለው ይቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ሥራው ራሱ ሠዓሊውን መልሶ ይወስደዋል። አንድ ጊዜ አጠገቧ የተቀመጥሁ የጠመኔ ሠዓሊ ሰማያዊውን ቀለም በመዳፏ ግርጌ እያሸች ታዋህድ ነበር፤ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ሲወድቅባት ጣቶቿ በቀለም ስለተነከሩ በክርኗ ነበር የምትመልሰው። እኔ መኖሬን የረሳችው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ቀን ፎቶዎች ሁሉ ያስቀመጥሁትም ያንን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በኒውዮርክ ጎዳናዎች ላይ የልጆችን ጨዋታና የጠመኔ ሥዕሎቻቸውን ያነሳችው ፎቶግራፍ አንሺ ሄለን ሌቪት፣ ፊቷን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙራ በጎን በኩል ለማንሳት የሚያስችላትን መመልከቻ በካሜራዋ ላይ ትገጥም ነበር። ያነሳቻቸው ምስሎች ድንቅ ናቸው። ይሁን እንጂ መሬት ላይ ተንበርክኮ ለሰዓታት አንድ ቦታ የሚሠራን ሠዓሊ ተደብቆ ለማንሳት ምክንያት አይታየኝም፤ እሱ የትም አይሄድም፣ እርስዎም የሚጣደፉበት ነገር የለም።

መንገደኛውን እንደ እንቅፋት ባያዩት መልካም ነው። አመሻሽ ላይ ብርሃኑ ስለሚቀንስ የሸተሩን (ብርሃን ወደ ካሜራው እንዲገባ የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መዝጊያ) ፍጥነት ወደ 1/15 ሰከንድ ዝቅ አድርገው፣ ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ አስደግፈው ቢያነሱ፣ የሚያልፉት እግሮች እንደ ጥላ ሲሳቡ የተንበረከከው ሠዓሊ በመካከላቸው ጸንቶ ይታያል፤ የከተማው ጥድፊያና የሠዓሊው እርጋታ በአንድ ምስል ውስጥ የሚገናኙትም እንዲህ ሲሆን ነው። እርግጥ የሚንቀሳቀሰው እጁም አብሮ ይደበዝዛል። እጁ ጥርት ብሎ እንዲታይ ከፈለጉ 1/250 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ያስፈልግዎታል። በሌንስ ረገድ ከቅርብ ሆነው ሰፋ አድርገው የሚያነሱበት 35 ሚሊ ሜትር ይበቃዎታል፤ ከሩቅ በረጅም ሌንስ ቢያነሱ መንገደኛው በመካከላችሁ መግባቱን አይተውም።

ግድግዳ ላይ የሚሠራውን ከኋላ ካነሱት ጀርባውን ብቻ ያገኛሉ። ወደ ግድግዳው ተጠግተው ከጎን ይቁሙ፤ ፊቱ፣ እጁና ቀለሙ የሚያርፍበት ቦታ በአንድነት ይታይዎታል። ነፋሱ ወደ እርስዎ በሚነፍስበት በኩል ግን አይቁሙ፤ የቀለሙ ብናኝ ሌንስዎ ላይ ከደረቀ በቀላሉ አይለቅም። መሬት ላይ የተሣለው ጥልቀት ያለው መስሎ እንዲታይ የታሰበ ሥዕል ከሆነ ደግሞ ትክክለኛ መልኩን የሚያሳየው ከአንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ከሌላ አቅጣጫ ሲያዩት ተለጥጦ ይዛባል። ያንን ነጥብ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሠዓሊው ስለሆነ ይጠይቁት።

ሥዕሉ መንገድ ላይ መሆኑ ባለቤት አልባ አያደርገውም። ፎቶውን ለሽያጭ ወይም ለማስታወቂያ ሊያውሉት ካሰቡ የሠዓሊውን ፈቃድ ለይተው ይጠይቁ፤ የቅጂ መብት ሕግ ከአገር አገር ስለሚለያይም ያሉበትን አገር ሕግ ይመልከቱ። ያለ ፈቃድ ግድግዳ የሚቀባን ሰው ፊት ግን በምንም ምክንያት አያሳዩ፤ የእርስዎ ፎቶ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት ይችላል። ሠዓሊው ከፊት ለፊቱ ለገንዘብ ያስቀመጠው ሣጥን ወይም ባርኔጣ ካለ፣ ካሜራዎን ከማውጣትዎ በፊት የአቅምዎን ይጣሉበት።

የጠመኔ ሥዕል አንድ ዝናብ ብቻ ይበቃዋል፤ ጎንበስ ብሎ የሚሥል ሰው ደግሞ ራሱን በሥራው ላይ ሳለ ማንሳት አይችልም። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት አድራሻውን ተቀብለው ከምስሎቹ የተሻሉትን ሁለት ሦስቱን በዚያው ምሽት ይላኩለት።